ድንገት ትንፋሽ ሲያጥር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና የአምቡላንስ ባለሙያዎች መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የተጻፉ ናቸው፦ በዕድሜ የገፋ ሰው ድንገት ትንፋሽ ሲያጥረው የአምቡላንስ ባለሙያ ምን ያደርጋል? ለምንስ እንደዚያ ያደርጋል? ከጠያቂዎቹ ከፊሎቹ የታማሚ ቤተሰብ፣ ከፊሎቹ በሥራው ላይ ያሉ ናቸውና መልሱም ወደ ጠያቂው ያደላል። በመርፌም ሆነ በጭምብል የሚሰጥ መድኃኒት መጠን የጠቀስንበት ቦታ ለባለሙያ የተጻፈ ነው፤ ቤት ውስጥ አይሞከር።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ የልብ ድካም አለባት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ታፍና ባንና ተነሣች። አምቡላንስ ቶሎ ደረሰልን፤ ነገር ግን ባለሙያዎቹ ተሸክመዋት ከመሮጥ ይልቅ አልጋው ጫፍ ላይ እግሯን አውርደው አስቀመጧት። «በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?» ብለው ጠየቁ፤ ቁርጭምጭሚቷን በጣት ጫን አደረጉ፤ ጀርባዋን አዳመጡ። ሰው እየታፈነ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ አልጋው ጫፍ ላይ ማስቀመጣቸው የመጀመሪያው ሕክምና ነበር። የደከመ ልብ ከሳንባ የሚመጣለትን ደም ተቀብሎ ወደ ፊት መግፋት ሲያቅተው ደሙ ወደ ኋላ ይከማቻል። ግፊቱ ሲበረታ ውሃው ከደም ሥሮቹ እየሰረገ የሳንባን የአየር ከረጢቶች ይሞላል። ሌሊት የሚብሰውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀኑን ሙሉ እግር ላይ የዋለው ፈሳሽ ሰውየው ሲጋደም ወደ ደም ተመልሶ ልብ ላይ ይጫናል። ቀጥ ብለው ተቀምጠው እግር ወደ ታች ሲንጠለጠል ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፤ ሆድም ወረድ ስለሚል ሳንባ ሥር ያለው ጡንቻ በነፃነት ይንቀሳቀሳል። እናትዎን አጋድመው ቃሬዛ ላይ ቢያስሯቸው ኖሮ ያንኑ ውሃ መልሰው ደረታቸው ላይ በጫኑባቸው ነበር።

የጠየቁት ሁሉ ደግሞ የራሱ ትርጉም አለው። አምና በአንድ ትራስ ይተኛ የነበረ ሰው ዘንድሮ በሦስት፣ ከሳምንት ወዲህ ደግሞ ወንበር ላይ ተደግፎ የሚያድር ከሆነ ሳንባው ውሃ እየያዘ እንደሆነ ይጠረጠራል። ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ሲለቀቅ ጎድጉዶ ከቀረ ፈሳሽ ተጠራቅሟል ማለት ነው። ሁለቱም እግር ካበጠ ሐሳብ ወደ ልብ ይሄዳል። አንዱ ባት ብቻ አብጦ ካመመ፣ በተለይ ሰውየው በቅርቡ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ወይም ብዙ ቀን ተኝቶ ከነበረ፣ ከእግር የተነሣ የረጋ ደም ሳንባ ውስጥ ገብቶ እንዳይሆን ያሰጋል። በሁለቱም በኩል ከጀርባ ግርጌ የሚሰማ የመንኮሻኮሽ ድምፅ የውሃ ምልክት ነው። ይህ ድምፅ በደረት በኩል ላይሰማ ስለሚችል ጀርባን ሳያዳምጡ «ሳንባቸው ንጹሕ ነው» ማለት አይቻልም።

ከዚህም በፊት ባለሙያው ከበር ላይ ሆኖ ብዙ ነገር ያያል። ታማሚው ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ወደ ፊት ጎንበስ ብሏል? ከአንገቱ ሥር፣ ከትከሻ አጥንቱ በላይ ያለው ስርጉድ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሳባል? ከንፈሩ ጠቁሯል? በአንድ ትንፋሽ ስንት ቃል ይናገራል? ዐረፍተ ነገር የሚጨርስ ሰው ጊዜ ይሰጣል። በየሦስት ቃሉ የሚያቋርጥ ሰው ከባድ ሁኔታ ላይ ነው። ራሱን ብቻ የሚነቀንቅ ሰው ደግሞ አደጋ ላይ ነው። የትንፋሹ ቁጥር የሚለካው የእጅ የልብ ምት እየቆጠሩ በማስመሰል ነው፤ ሰው እየተቆጠረበት መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል። ያረፈ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ከ25 ካለፈ ከባድ ነው፤ ከ30 በላይ ሆኖ ከቆየ ጡንቻው ይዝላል።

አረጋውያን ላይ የሚያሳስቱ ነገሮችም አሉ። የልብ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እየተጨነቀም ምቱ 70 ላይ ሊቆይ ይችላል። የሳንባ ምች ያለ ትኩሳት መጥቶ ምልክቱ የትንፋሽ መፍጠንና ድንገተኛ መዘባረቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። የልብ ድንገተኛ ሕመምም በዕድሜ በገፉና የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ደረት ሳያሳምም በትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ «ደረቴን አላመመኝም» ለሚል አረጋዊም ባለ 12 መስመር ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሣል፤ የሚመከረውም ባለሙያው ከታማሚው ጋር በተገናኘ በ10 ደቂቃ ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ኦክስጅኑ አይጠብቅም። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ጭምብሉን ያደርጋል፣ የደም ግፊት ይለካል። ለውጥ ካልታየ ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ መቆየት ጥቅም የለውም፤ ቀሪው በመንገድ ላይ ይሠራል።

ጥያቄ፦ አባቴ ለብዙ ዓመታት ሲጋራ ያጨሱ ነበር፤ ሐኪም ሲኦፒዲ የሚባል ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም እንዳለባቸው ነግሮናል። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ቤት ያለውን ኦክስጅን እስከ መጨረሻው ከፈትንላቸው። አምቡላንስ ሲመጣ ግን ባለሙያዋ ቀነሰችው፤ መለኪያው 90 ሲል «ይበቃል» አለች። ኦክስጅን እንዴት ይበቃል ይባላል?

መልስ፦ ባለሙያዋ ያደረገችው ትክክል ነው፤ ምክንያቱን በደንብ ማወቅዎ ለወደፊቱ አባትዎን ይጠቅማል።

ለአብዛኛው ታማሚ ኦክስጅን የሚስተካከለው በጣት መለኪያው ከ94 እስከ 98 በመቶ እንዲያሳይ ነው። እንደ አባትዎ ያለ ሕመም ላለበት ሰው ግን ግቡ ከ88 እስከ 92 ነው። የተጎዳ ሳንባ ራሱን የሚረዳበት ብልሃት አለው፤ አየር በደንብ ወደማይገባበት ክፍል የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠብና ደሙን ወደ ተሻለው ክፍል ይልካል። ኦክስጅን ከመጠን በላይ ሲሰጥ እነዚያ ሥሮች ይከፈታሉ፤ ደሙም የተቃጠለውን አየር፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ማስወጣት ወደማይችለው ክፍል ይፈሳል። ኦክስጅን የጠገበ ደም የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልቀቁም ይታከልበታል። ብዙ ሰው «ኦክስጅን ሲበዛ መተንፈስ ይረሳሉ» ሲል ይሰማል፤ ያ የነገሩ ትንሹ ክፍል ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲከማች ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ እጁ ይሞቃል፣ የልብ ምቱ ይደልቃል፣ ክንዱን ዘርግቶ መዳፉን ወደ ላይ ሲያጥፍ እጁ እርግብ እርግብ ይላል፤ ከዚያ ይፈዝዛል፣ ያንቀላፋል። መለኪያው 99 እያለ የሚያንቀላፋ የሲኦፒዲ ታማሚ ሲታይ ሊያስደነግጠን ይገባል።

በተግባር የሚሠራው እንዲህ ነው። ቬንቱሪ የሚባለው፣ ባለ ቀለም ቁራጭ የሚገጠምለት ጭምብል የኦክስጅኑን መጠን ወስኖ ይሰጣል፤ 24 በመቶ የሚሰጠው በደቂቃ 2 ሊትር፣ 28 በመቶ የሚሰጠው በደቂቃ 4 ሊትር ይከፈትለታል። እሱ ከሌለ የአፍንጫ ቱቦ በ1 ወይም በ2 ሊትር ተጀምሮ መለኪያው እየታየ ይስተካከላል። በኔቡላይዘር (ፈሳሽ መድኃኒትን ወደ ጭጋግ ለውጦ በሚያስተነፍስ መሣሪያ) መድኃኒት ሲሰጥ የሚገፋው አየር ኦክስጅን ከሆነ ከ6 ደቂቃ በላይ አይቀጥልም፤ ከዚያ ወደ ቀድሞው ጭምብል ይመለሳል። በተራ አየር የሚሠራ መሣሪያ ካለ ደግሞ እሱ ይመረጣል።

ሁለት ነገር እንዳይምታታ ግን እንፈልጋለን። አንደኛ፣ ይህ ማለት ኦክስጅን መከልከል አይደለም። መለኪያው 70 ላይ ወርዶ ሰውየው እየጠቆረ ከሆነ የሲኦፒዲ ታማሚም ቢሆን በከረጢት ጭምብል (ኦክስጅን የሚያጠራቅም ከረጢት ባለው ጭምብል) በደቂቃ 15 ሊትር ይሰጠዋል፤ ሲሻለው ይቀነሳል። የኦክስጅን እጥረት በደቂቃዎች ይገድላልና። ሁለተኛ፣ በብዛት የተሰጠ ኦክስጅን በአንድ ጊዜ አይዘጋም። ድንገት ቢቋረጥ የደሙ ኦክስጅን ከመነሻው በታች ሊወርድ ስለሚችል ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል። ቤት ውስጥ ኦክስጅን የሚወስዱ ከሆነ ሐኪሙ ያዘዘውን የሊትር ቁጥር በትልቁ ጽፈው ሲሊንደሩ ላይ ይለጥፉት።

ጥያቄ፦ አምቡላንስ ላይ መሥራት ከጀመርኩ አንድ ዓመት አልሞላኝም። የሚቸግረኝ፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ የሰማሁበትን አረጋዊ ሁሉ አስም ነው ብዬ ሳልቡታሞል (የአየር ቱቦ የሚከፍት መድኃኒት) መስጠቴ ነው። አንድ አለቃዬ «ልብም ሲር ሲር ያሰኛል» አለኝ። እንዴት ልለይ?

መልስ፦ አለቃህ ልክ ናቸው። ሳንባ ውሃ ሲይዝ ትንንሾቹ የአየር ቱቦዎች ግድግዳ ያብጥና አየሩ ሲወጣ እንደ አስም ያፏጫል። ስለዚህ ፉጨቱን ብቻ አትመን፤ ዙሪያውን አንብብ።

ወደ ልብ የሚያመለክቱት፦ በድንገት፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት መጀመሩ፤ ቀዝቃዛ ላብ፤ ከፍ ያለ የደም ግፊት፣ የላይኛው ቁጥር 180ን እስከ ማለፍ፤ ከሁለቱም ሳንባ ግርጌ የመንኮሻኮሽ ድምፅ፤ ያበጠ እግር፤ የተወጠረ የአንገት ደም ሥር፤ ሲብስ ደግሞ ሮዝ አረፋ የመሰለ አክታ። ወደ ሳንባ የሚያመለክቱት፦ ለጥቂት ቀናት እየባሰ የመጣ ሳል፤ ቀለሙ የተለወጠና የወፈረ አክታ፤ ከንፈርን አሹሎ ረጅም ጊዜ የሚወስድ አወጣጥ፤ እንደ በርሜል የከበበ ደረት። ካፕኖግራፍ (በሚወጣው ትንፋሽ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በማዕበል የሚያሳይ መሣሪያ) ካላችሁ የማዕበሉን ቅርጽ ተመልከት፤ የአየር ቱቦ ሲጠብ አራት ማዕዘኑ ጠፍቶ እንደ ሻርክ ክንፍ ያዘነበለ ይሆናል። የመድኃኒት ከረጢቱም ይመሰክራል። ፉሮሴማይድ (ፈሳሽን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት)፣ የደም ግፊት ክኒን፣ ከምላስ ሥር የሚደረግ ናይትሮግሊሰሪን (የደም ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት) ካገኘህ ልብ ነው የሚታከመው። ኢንሄለር (በአፍ የሚነፋ መድኃኒት) እና ስፔሰር (ኢንሄለሩ የሚገጠምበት ባዶ ቱቦ) ካገኘህ ሳንባ። ክኒኑ የተሰጠበትን ቀን እይና የቀረውን ቁጠር፤ ማለቅ የነበረበት እሽግ ግማሹ ካለ መድኃኒት ተቋርጧል፤ ምክንያቱንም አገኘህ ማለት ነው።

ሳንባው ውሃ የያዘ ከመሰለህ፣ የተቋምህ መመሪያ በሚፈቅደው መሠረት፣ ቀድሞ የሚሠራው ናይትሮግሊሰሪን ነው፦ 0.4 ሚሊ ግራም ከምላስ ሥር፣ በየ5 ደቂቃው፣ ከእያንዳንዱ መጠን በፊት ግፊት ተለክቶ፣ የላይኛው ቁጥር ከ110 በላይ እስከሆነ ድረስ። ለስንፈተ ወሲብ የሚወሰዱትን ሲልዴናፊልን በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ታዳላፊልን በ48 ሰዓት ውስጥ ለወሰደ ሰው አይሰጥም፤ ግፊቱ ይወድቃል። አረጋውያን ይህን ሳይጠየቁ አይናገሩም፤ ቤተሰብ በሌለበት ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ጠይቅ። ኢሲጂው የታችኛው የልብ ክፍል መጎዳቱን ካሳየም የቀኙ ልብ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ናይትሮግሊሰሪን ከመስጠትህ በፊት ሐኪም አማክር።

ሲፓፕ (በጠበቀ ጭምብል አየርን በማያቋርጥ ግፊት የሚሰጥ መሣሪያ) ካላችሁ በ5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ግፊት ጀምሮ እስከ 10 መውጣት ብዙ ታማሚ ጉሮሮው ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ ከመግባት አድኗል። ጭምብሉን መጀመሪያ በእጅህ ያዝለት፣ ማሰሪያውን ኋላ እሰር። የታፈነ ሰው ፊት ላይ ድንገት ጭምብል ማሰር ሽብር ስለሚፈጥር ነቅሎ ይጥለዋል። «ነፋሱ ይገፋዎታል፤ አይታገሉት፣ ከሱ ጋር ይተንፍሱ» በለው። ለሚያስመልሰው፣ ለፈዘዘ፣ የላይኛው ግፊቱ ከ90 በታች ለሆነ፣ ወይም በአንዱ በኩል የትንፋሽ ድምፅ ጠፍቶ አየር ከሳንባ ውጭ ተጠራቅሟል ተብሎ ለሚጠረጠር ሰው ግን ሲፓፕ አይደረግም።

ፉሮሴማይድ 40 ሚሊ ግራም በደም ሥር ይሰጣል፤ ሆኖም ሽንቱ እስኪመጣ ጊዜ ስለሚወስድ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አያድንም። ጥርጣሬህ ከሳተና ሕመሙ የሳንባ ምች ከሆነ ደግሞ ቀድሞውኑ ውሃ ያጠረውን ሰውነት ታደርቀዋለህ።

ጉዳዩ የአየር ቱቦ ጥበት ከሆነ ሳልቡታሞል 5 ሚሊ ግራምና አይፕራትሮፒየም (ሌላ የአየር ቱቦ የሚከፍት መድኃኒት) 0.5 ሚሊ ግራም በአንድ ላይ በኔቡላይዘር ይሰጣል። በእርግጥ መለየት ካቃተህ፣ ሁለቱም ሕመም አብሮ ያለበት አረጋዊ ብዙ ነውና፣ አንድ ዙር ኔቡላይዘር ሰጥቶ መልሶ ማዳመጥ ነውር የለውም። ነውሩ የልብ ምቱ 140 እየመታ፣ ላብ እያጠመቀው፣ ሦስተኛና አራተኛ ዙር ሳልቡታሞል መደጋገሙ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ሳንባው በሁለቱም በኩል ጥርት ብሎ እየተሰማ ኦክስጅኑ ዝቅ ያለ፣ ምቱ የፈጠነ፣ ሲተነፍስ ጎኑን የሚወጋው ሰው ካጋጠመህ የረጋ ደም አስብ። ለዚህ ኔቡላይዘር አይረዳውም። ኦክስጅን ስጥ፣ አታንቀሳቅሰው፣ ለሆስፒታሉ ቀድመህ ጥርጣሬህን ንገር።

ጥያቄ፦ የጣት ኦክስጅን መለኪያ ገዝተን ነበር። አያቴ ደህና እያወሩ 82 ይላል፤ ሌላ ቀን ትንፋሽ አጥሯቸው 96 ይላል። እንመነው?

መልስ፦ መሣሪያው ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ነው የሚለካው፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ ጣት፣ የጥፍር ቀለም፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ዝቅ ያለ የደም ግፊት ቁጥሩን ያዛቡታል። ጣቱን አሙቁ፣ ቀለም ካለ ጥረጉ፣ ሌላ ጣት ሞክሩ፣ እስኪረጋ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ። መሣሪያው የሚያሳየው የልብ ምት በእጅ ከቆጠራችሁት ጋር ካልገጠመ የኦክስጅኑም ቁጥር አይታመንም። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችልም ይታወቃል። ከሰል ወይም ጀነሬተር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ ለተነፈሰ ሰውም በሐሰት ጥሩ ቁጥር ይሰጣል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው 96 ስላሳየ ብቻ አምቡላንስ መጥራት አይቅር።

ጥያቄ፦ የአምቡላንስ ረዳት ነኝ። ታማሚ ከፎቅ እያወረድን የተሸከምነው ትንሽ ሲሊንደር መንገድ ላይ አለቀብን። ስንነሣ የግፊት መለኪያው መርፌ ግማሽ ላይ ነበር። እንዴት ነው አስቀድሞ የሚታወቀው?

መልስ፦ በሒሳብ ይታወቃል፤ ቀላል ነው። የሲሊንደሩን የውሃ መጠን በሊትር (አንገቱ ላይ ተቀርጿል) በግፊቱ (በባር፣ ማለትም መለኪያው በሚያሳየው የግፊት አሃድ) ታበዛለህ። 2 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር 150 ባር ካሳየ 300 ሊትር ኦክስጅን አለው። የመጨረሻውን 20 ባር አትቁጠረው፤ እሱ መጠባበቂያ ነው። ቀሪው 130 ባር በ2 ሲባዛ 260 ሊትር ይሆናል። በደቂቃ 15 ሊትር ብትከፍት 17 ደቂቃ ነው የሚያቆይህ። ያንተ ግማሽ ላይ ነበር ካልክ፣ 75 ባር ብለን ብናስብ፣ ያለህ 110 ሊትር፣ ማለትም 7 ደቂቃ ብቻ ነው። ሰው ለብሶ፣ ወንበር ላይ ታስሮ፣ ደረጃ ወርዶ፣ መኪና ውስጥ እስኪገባ 7 ደቂቃ አይበቃም። የግፊት መለኪያህ በፒ ኤስ አይ ከሆነ ቁጥሩን ለ14.5 አካፍለህ ወደ ባር ለውጠው።

የምትገምተውን ጊዜ በእጥፍ ያዝ። ሲፓፕ የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ከከረጢት ጭምብል የበለጠ ኦክስጅን ስለሚበሉ የራስህን መሣሪያ ፍጆታ አስቀድመህ እወቅ።

ሲሊንደሩ ሳያልቅ ያለቀ የሚመስልበትም ጊዜ አለ። በሬጉሌተሩ (ግፊቱን በሚቀንሰው መቆጣጠሪያ) እና በሲሊንደሩ መካከል ያለችው ትንሽ ቀለበት ወድቃ ወይም ተሰንጥቃ ከሆነ ኦክስጅኑ እየተፏጨ በዚያ ይወጣል። ቱቦው በቃሬዛው ጎማ ወይም በታማሚው መቀመጫ ሥር ታጥፎ ይቆያል። ቫልቩን ቀስ ብለህ ክፈት፤ ዘይት ወይም ቫዝሊን በነካ እጅ አትንካው፤ ግፊት ያለው ኦክስጅን ከቅባት ጋር ሲገናኝ እሳት ያስነሣል።

ከጭምብሉም ጋር አንድ ስሕተት ደጋግመን እናያለን። ከረጢት ያለው ጭምብል ታማሚው ፊት ላይ ከመደረጉ በፊት ከረጢቱ መሞላት አለበት። ኦክስጅኑን ከ10 እስከ 15 ሊትር ክፈት፤ ውስጥ ያለችውን ቫልቭ በጣትህ ድፈናት፤ ከረጢቱ ሲነፋ አድርግለት። ታማሚው አየር በሳበ ቁጥር ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ከተጣበቀ ፍሰቱ አንሷል። ከረጢት የሌለውን ተራ ጭምብል ደግሞ ከ5 ሊትር በታች አትክፈት፤ ያወጣውን አየር መልሶ ይተነፍሳል።

ጥያቄ፦ አምቡላንስ እስኪመጣ እኛ ምን እናድርግ? አባባን ደግፈን ወደ በሩ ብናደርሳቸው ጊዜ አይቆጥብም?

መልስ፦ አይቆጥብም፤ እንዲያውም ከሁሉ የምንፈራው ይህን ነው። ተቀምጦ በችግር የሚተነፍስ ሰው ያለችውን ኦክስጅን በሙሉ እየተጠቀመባት ነው። አሥር እርምጃ ሲጨመርበት ልቡ ተጨማሪ ይጠይቃል፣ ሳንባው የሚሰጠው የለውም፣ ሰውየው በሩ ላይ ይወድቃል። ወደ መጸዳጃም ቢሆን አይሂዱ፤ ሳንባው ውሃ የያዘ ሰው ሽንቱ ስለሚያጣድፈው ለመነሣት ይታገላልና መያዣ አቅርቡላቸው። የአምቡላንስ ሠራተኞች በወንበር ተሸክመው ያወርዷቸዋል፤ «ትንሽ ልራመድ» ቢሉም እሺ አይባሉም።

እስከዚያ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ጠረጴዛ ላይ ትራስ አድርጋችሁ በክርናቸው ቢደገፉ ይቀላቸዋል። አንገትና ወገብ ላይ የጠበቀውን ልብስ አላሉላቸው። መስኮት ክፈቱ፤ ሲጋራ የሚያጨስ፣ እሳት የሚያነድ ከክፍሉ ይውጣ። የሚበላም የሚጠጣም አትስጡ። በሐኪም የታዘዘ ሳልቡታሞል ኢንሄለር ካላቸው በስፔሰር ስጧቸው፦ አንድ ጊዜ ነፍቶ አራት አምስት ጊዜ መተንፈስ፤ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ሌላ፤ እስከ 10 ድረስ። ሁለት ሦስቴ አከታትሎ ነፍቶ አንድ ጊዜ መሳብ መድኃኒቱን ስፔሰሩ ግድግዳ ላይ ያስቀረዋል።

ሌላ ሰው ካለ መድኃኒቶቹን ሁሉ፣ ባዶ እሽግም ቢሆን፣ በአንድ ከረጢት ይሰብስብ፤ አለርጂ የሚሆንባቸው መድኃኒት ካለ ይጻፍ፤ የጀመረበትን ሰዓት ይመዝግብ። በሩ ይከፈት፣ የደረጃው መብራት ይብራ፣ ውሻ ይታሰር፣ መተላለፊያ ላይ ያለ ዕቃ ይነሣ። ስትደውሉ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነና አሳንሰር መኖር አለመኖሩን ተናገሩ፤ ባለሙያዎቹ የመሸከሚያውን ወንበርና ትርፍ ሲሊንደር ከመጀመሪያው ይዘው ይወጣሉ።

እየበሉ ሳሉ ድንገት ከታፈኑና ድምፅ ማውጣት ካልቻሉ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አምቡላንስ አይጠበቅም። ወደ ፊት አጎንብሳችሁ በትከሻ አጥንቶቻቸው መካከል በመዳፍ ግርጌ 5 ጊዜ ምቱ፤ ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርት በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ፤ እየተፈራረቁ ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ እህቴ የልብ ድካም አለባት፤ «ጭንቀትም ነው» ብለው በወረቀት ከረጢት እንድትተነፍስ መከሯት። ይሠራል?

መልስ፦ አይደረግ። በከረጢት ውስጥ ኦክስጅን ያልቃል። ልቡ የደከመ ወይም ሳንባው የታመመ ሰው ላይ ሊገድል ይችላል። የታፈነ ሰው ሁሉ ይጨነቃል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ «ጭንቀት ነው» የሚባለው ሌላው ሁሉ ተመርምሮ ካለቀ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ታማሚዋ በደቂቃ 36 ጊዜ ትተነፍስ ነበር፤ መንገድ ላይ ወደ 14 ወረደች፣ ዐይኗን ጨፈነች። «ተኛች፣ ተሻላት» ብዬ ዘገብኩ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ተቆጣኝ። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ቁጥሩን ብቻ በማየትህ። ሲሻላት ኖሮ ትነቃ፣ ታወራ፣ ከንፈሯ ይቀላ ነበር። ትንፋሿ ቀንሶ ንቃቷም አብሮ ከቀነሰ ጡንቻዋ ዝሏል ማለት ነው። ፉጨቱ መጥፋቱም እንዲሁ ያታልላል፤ ደረት ላይ ማዳመጫ አድርገህ ምንም ካልሰማህ አየር መግባት አቁሟል እንጂ ቱቦው አልተከፈተም። የሚጠየቀው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ስሟን ጠርተህ ትመልሳለች? በአንድ ትንፋሽ ስንት ቃል? ደረቷ ምን ያህል ይነሣል?

እንዲህ ስትሆን አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚያስገባ ከረጢትና ጭምብል) ይነሣል። ሰው ሠራሽ ጥርሷ በደንብ የተገጠመ ከሆነ አታውጣው፤ ጉንጭን ወጥሮ ስለሚይዝ ጭምብሉ አየር አያፈስም። የሚወዛወዝ ከሆነ ግን አውጣው፤ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። የአረጋውያን አንገት ደረቅ ነውና በኃይል ወደ ኋላ አትጠምዝዝ፤ ከራሷ ሥር የታጠፈ ፎጣ አድርገህ ጆሮዋ ከደረቷ አጥንት አናት ጋር እኩል እስኪሆን ከፍ አድርጋት። አንድ ሰው በሁለት እጁ ጭምብሉን ይያዝ፣ ሌላው ይጭመቅ። በየ5 ወይም 6 ሰከንዱ አንድ ጊዜ፣ ደረቷ ከፍ ሲል እስኪታይ ብቻ፤ ያ ከ500 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ነው። የአዋቂ ከረጢት ከዚህ እጅግ የበለጠ ስለሚይዝ በሁለት እጅ ጨምቆ ባዶ ማድረግ አያስፈልግም።

በድንጋጤ ማፍጠን የተለመደ ስሕተት ነው። የተትረፈረፈው አየር ጨጓራ ውስጥ ገብቶ ያስመልሳታል። ሲኦፒዲ ያለባት ከሆነች ደግሞ የገባው አየር ሳይወጣ ሌላ ስለሚታከልበት ደረቷ ይወጠራል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይታገዳል፣ ግፊቷ ይወድቃል። ይህን ካየህ ከረጢቱን ከጭምብሉ ነቅለህ አየሩ እስኪወጣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቅ፤ ከዚያ ዘግየት አድርገህ ቀጥል። ስኳሯንም ለካ፤ የፈዘዘ አረጋዊ ሁሉ ስኳሩ ይለካል። ለሆስፒታሉም «36 ነበረች፣ አሁን 14፣ ስሟን ስጠራት አትመልስም» ብለህ ደውል፤ ከዚያች ዐረፍተ ነገር ተቀባዩ ሐኪም ምን አዘጋጅቶ መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል።